ጣናን «ታና» ብሎ የጻፈው ልጅ

ጡረታ የወጣች መምህርት ስለ ልጆችና ስለ ትምህርት ለሚነሱ የአንባቢያን ጥያቄዎች ከባሕር ዳር የምትመልስበት ዓምድ

ጥያቄ

ይድረስ ለመምህርት። ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ሽምብጥ ሰፈር የምኖር፣ ልጆቼን ለወግ ለማዕረግ አብቅቼ ብቻዬን የቀረሁ አከራይ ነኝ። ግቢዬ ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ቤት ካለፈው ዓመት መስከረም ጀምሮ አንድ የሶማሌ ቤተሰብ ይኖራል። አባትየው ከጅቡቲ ነዳጅ የሚያመላልስ የቦቴ ሹፌር ነው፤ በወር አንድ ሁለት ቀን ቤቱ ቢያድር ነው። እናትየዋ ሐርጌሳ ተወልዳ በአንቀልባ ተሰድዳ የመጣች ናት፤ አሁን እቤቷ ሻሽ፣ ሽቶና ዕጣን ትሸጣለች። አራት ልጆች አሏቸው። የምጽፍልዎ ስለ ትልቁ ነው። አሥር ዓመቱ ነው፤ ጅጅጋ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ መጥቶ አሁን አራተኛ ክፍል ነው።

ልጁ ጨዋ ነው። ውኃ ሲጠፋ የእኔንም ጀሪካን ሳልጠይቀው ቀድቶ ያመጣልኛል። ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት አማርኛው ከእኛ ልጆች አይለይም፤ ስድቡን ሳይቀር ችሎታል። ክፍል ውስጥ ግን አፉ ይተሳሰራል ይላሉ። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አማርኛ 31፣ አካባቢ ሳይንስ 38፣ ሒሳብ 44 አመጣ። እናቱ አማርኛ ስለማትችል ካርዱን ይዤ ትምህርት ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ። አስተማሪው «ልጁ ደካማ ነው፣ አይገባውም፤ ሦስተኛ ክፍልን ቢደግም ይሻለዋል። ወላጆቹም ግድ የላቸውም፤ ሦስት ጊዜ ስብሰባ ጠርተናቸው አንዴም አልመጡም» አለኝ።

አልተዋጠልኝም። ይኸው ልጅ አባቱ ከመንገድ የሚልከውን የስልክ መልእክት በእንግሊዝኛ ለእናቱ ሲያነብላት በዓይኔ አያለሁ። እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ አማርኛ እንዴት ያቅተዋል? ጎረቤቶቼ ደግሞ «ቅዳሜና እሑድ ቁርኣን ቤት የሚሄድበት ነው ጊዜውን የሚበላበት፤ አስተዪው» ይሉኛል። የሰው ልጅ ነው፣ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ግን ዓይኔ እያየ ሲወድቅ ዝም ማለት ከበደኝ። የቃል ጽሕፈትና የሒሳብ ደብተሩን ከደብዳቤው ጋር ልኬልዎታለሁ። ምን ላድርግ?

አከራይዋ፣ ከሽምብጥ

መልስ

እመቤቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ልጁ ለእናቱ የሚያነብላት እንግሊዝኛ አይደለም፣ ሶማሊኛ ነው።

ሶማሊኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ የተወሰነው በጥቅምት 1965 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ 1972 መሆኑ ነው። ስለዚህ አባትየው ጋላፊ ወይም ሚሌ ላይ መኪናውን አቁሞ የሚልከው መልእክት ለእርስዎና ለእኔ ዓይን ፈረንጅኛ ይመስላል። ግን ፊደሎቹ ሌላ ሥራ ይዘዋል። እንግሊዞች «ኤክስ» የሚሏት ለሶማሌዎች ከጉሮሮ የምትወጣዋ ሐ ናት። «ሲ» የምትባለዋ ደግሞ ዐ ናት። ልጁ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ «ቦክስ» የሚለውን ቃል «ቦሕ» ብሎ አንብቦ ክፍሉን በሳቅ አፍርሶት ከሆነ አይደንቀኝም፤ እንዲያውም ትክክል አንብቧል፣ በተማረው ሕግ።

ይህን ያስቀደምኩት አለምክንያት አይደለም። «ማንበብ አይችልም» የተባለው ልጅ ማንበብ ይችላል። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በሶማሌ ክልል ልጆች አንደኛ ደረጃን የሚማሩት በሶማሊኛ ነው፤ የእኛም ልጆች እዚህ በአማርኛ፣ የአዊ ልጆች ደግሞ በአዊኛ እንደሚማሩት ማለት ነው። ይህ ልጅ ጅጅጋ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ድምፅን ከፊደል፣ ፊደልን ከቃል ማጋጠም ተምሯል። ያ ችሎታ አንድ ጊዜ ከተገኘ አይጠፋም፤ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ይሻገራል። እሱ የጎደለው 26 ፊደል ለምዶ ሲያበቃ የእኛን ሁለት መቶ ሠላሳ ምናምን ፊደል እንደ አዲስ የሚያስቆጥረው ሰው ነው። ሦስተኛ ክፍል የሚያስተምር መምህር ደግሞ ሀ ሁ አያስቆጥርም፤ ያ ሥራ ከሁለት ዓመት በፊት አልቋል።

አሁን ወደ ቃል ጽሕፈቱ። ገጹን ሳየው ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩ። አሥር ቃል ተነግሮት አራት አግኝቷል። ሰላም፣ ወንበር፣ ላም፣ ሐምሌ፤ እነዚህን እንከን የለሽ አድርጎ ጽፏቸዋል። የሳታቸው ስድስቱ እነሆ፦ ጣናን «ታና»፣ ዛፍን «ሳፍ»፣ ገንዘብን «ገንሰብ»፣ ጨረቃን «ቸረቃ»፣ ፀሐይን «ሰሐይ»፣ ጠረጴዛን «ተረቤሳ»። በቀይ እስክሪብቶ ስድስት ኤክስ። አጠገቡ «ትኩረት ስጥ!» ተብሎ ተጽፎበታል።

እመቤቴ፣ ይህ ልጅ ትኩረት ባይሰጥ ኖሮ እንዲህ አድርጎ ሊስት አይችልም ነበር። ሶማሊኛ ውስጥ ጠ የለም፣ ጨ የለም፣ ጸ የለም፣ ጰ የለም። ዘም የለም። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ምላሳችንን የምናስፈነጥርባቸው ድምፆች ለጆሮው እንግዳ ናቸው፤ ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው በቅርብ ያገኘውን ጎረቤት ተካላቸው። ጠን በተ፣ ጨን በቸ፣ ዘን በሰ። አንድም ጊዜ ሥርዓቱን አላፈረሰም። ጨረቃ ላይ «ጨ» ጠፍታበት «ቃ»ን ግን አልሳታትም፤ ምክንያቱም ለቀ የምትቀርብ ድምፅ በእነሱም ቋንቋ አለች። ጠረጴዛ የምትባል ቃል ላይማ ምስኪኑ ሦስት ወጥመድ በአንድ ጊዜ ነው የተጠመደበት፤ ጠ፣ ጴ፣ ዛ። ፀሐይ ላይ ደግሞ ሐመሩን ሐ በትክክለኛ ቦታው አስቀምጦታል። (ይህን ሳይ ገርሞኛል። ሐመሩ ሐና ዐይኑ ዐ በእኛ በአማርኛ ተናጋሪዎች አፍ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! በጽሕፈት ብቻ አስቀርተናቸው ልጆቻችንን «የትኛው ሐ ነው?» እያልን ስናሠቃያቸው፣ ሶማሌው ልጅ ሁለቱንም በጉሮሮው ይዟቸው ይዞራል።)

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠሩት ይህንን ነው። በየማታው አሥር ደቂቃ፣ ጥንድ ጥንድ ቃል እያደረጉ በአፍ ብቻ ያጫውቱት። ጣፈ፣ ታፈ አይበሉት፤ ትርጉም ያለው ይሁን። «ጠላ» እና «ተላ» ሳይሆን፣ «ጠራ» እና «ተራ»፤ «ዘር» እና «ሰር» ሳይሆን፣ «ዘፈን» እና «ሰፈን» ሳይሆን፣ «መዘነ» እና «መሰነ» ሳይሆን… አዩ? እኔ ራሴ ስፈልግ ተቸገርኩ። «ጣለ፣ ታለ» እያልኩ ወረቀት አበላሸሁ። «ዘራ፣ ሠራ» ጥሩ ናት። «መጣ፣ መታ» ከሁሉም ትበልጣለች። መጣ ሲሉ ወደ በሩ ይሩጥ፣ መታ ሲሉ ኳሱን ይምታ። ጆሮው ሳይለይ እጁ እንዲለይ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው።

ሒሳቡን እንይ። ደብተሩ ላይ 20 የቁጥር ጥያቄ ተሰጥቶት 18 አግኝቷል፤ ብዜቱም ማካፈሉም አለበት። አምስት የቃላት ጥያቄ ተሰጥቶት አንድም አላገኘም። ከአምስቱ አንዱን ልጥቀስ፦ «አንድ አርሶ አደር 3 ጥማድ በሬዎች ነበሩት። 2 በሬዎች ቢሸጥ ስንት በሬዎች ይቀሩታል?» ልጁ ሦስት ሲቀነስ ሁለት፣ 1 ብሎ ጻፈ። መልሱ 4 ነው፤ ጥማድ ማለት ሁለት በሬ መሆኑን የጎጃም ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር ስለሚጠባው ማንም አላስተማረውም። የቦቴ ሹፌር ልጅ ከየት ያምጣው? የተፈተነው ሒሳብ ይመስላል እንጂ የተፈተነው ቀንበር አይቶ ማወቁ ነው። ካላመኑኝ ዛሬ ማታ «አንዱ ሻሽ 85 ብር ቢሆን ሰባቱ ስንት ነው?» ይበሉት። 595 ለማለት የሚፈጅበትን ጊዜ ይቁጠሩ።

ኳስ ሜዳ ላይ አማርኛ አሳምሮ መናገሩ እርስዎንም መምህሩንም አሳስቷችኋል። በዚህ ጉዳይ ላይ ዕድሜውን ያሳለፈ ጂም ከሚንስ የሚባል የካናዳ ተመራማሪ አለ። የስደተኛ ልጆችን ሲያጠና ያገኘው ነገር ይህ ነው፦ የመንደርና የጨዋታ ቋንቋ በአንድና በሁለት ዓመት ይያዛል፤ የመማሪያ ክፍሉ ቋንቋ ግን ከእኩዮች ጋር እኩል እስኪሆን ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። «አቀብለኝ!» «ጎል!» ለማለት ሜዳው፣ ጓደኛው፣ ኳሱ ሁሉ ያግዙታል። «የትነት መንስኤ ምንድን ነው?» ሲባል ግን የሚያግዘው የለም፤ ቃሉ ብቻውን ነው። ልጁ እዚህ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው። 31 ያመጣው በዓመት ከመንፈቅ ነው ብለው ካርዱን መልሰው ይዩት።

ይህን ሁሉ የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው ብቻ አይደለም። እኔም በድያለሁ። በ1979 ዓ.ም. ፔዳ ከምንለው የባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ ስመረቅ ጅጅጋ ደረሰኝ። በዚያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱ በመላ አገሪቱ በአማርኛ ነበር። 68 የሶማሌ ልጆች ፊት ቆሜ በጎጃም አማርኛ «ልጆች፣ ገባችሁ?» እላለሁ። ዝም። በዓመቱ ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሕዝቡ ድንበር ጥሶ ገባ፤ ሐርትሼክ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ከ200,000 ሰው በላይ የሰፈረበት፣ በዘመኑ ከዓለም ትልቁ የሚባል የስደተኞች መጠለያ ሆነ። (የተከራይዎ እናት ያዘለቻት ያኔ ይሆናል።) የእኔም ክፍል ሞላ። አንድ ልጅ ነበር፤ ሁለተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ያስደገምኩት። ፈሪ ነው፣ ደካማ ነው ብዬ ጽፌበታለሁ፣ በራሴ እጅ። አንድ ቀን ገበያ ወጥቼ ጨርቅ ስገዛ ከነጋዴዋ ጋር አልግባባ ስል ይኸው ልጅ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ መሐላችን ገባና አስተረጎመ። ዋጋውን በሶማሊያ ሽልንግ ሰምቶ ለእኔ በብር፣ አጠገቤ ለቆመው ሹፌር በጅቡቲ ፍራንክ፣ ያለ ወረቀት። የሚቀጥለው ሰኞ ክፍል ስገባ ዓይኑን ማየት አፈርኩ።

ወላጆችስ? «ግድ የላቸውም» መባሉ ነው ከሁሉ የከነከነኝ። ያን የጅጅጋ ተማሪዬን ያስመዘገበው አባቱ ነበር፤ ከበረሃ ሁለት ቀን ተጉዞ የመጣ ሽማግሌ። እጁን ይዞ አመጣና በአስተርጓሚ «ሥጋው የአንቺ፣ አጥንቱ የእኔ» አለኝ። ለቁርኣን መምህሩ፣ ለመዓሊኑ የሚሉት ነው። ምቺው፣ ቅጪው፣ አስተምሪው፤ እኔ ጣልቃ አልገባብሽም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት አንድም ቀን ተመልሶ አልመጣም። እኔ «ልጁን ጥሎብኝ ሄደ» እላለሁ፤ እሱ ለካ እያከበረኝ ነበር። አደራ የሰጡትን ሰው በየጊዜው እየሄዱ «እንዴት ሆነልህ?» ማለት በእነሱ ዘንድ አለማመን ነው። እኛስ ብንሆን? የኔታ ደጅ ሄዶ «ልጄን ዳዊት የት አደረሱት?» ብሎ የሚሞግት ወላጅ በእኔ ልጅነት አላየሁም።

የስብሰባው ጥሪ ደግሞ በምን ተላከ? በወረቀት፣ በአማርኛ፣ በልጁ ቦርሳ። እናትየዋ አማርኛ አታነብም። ምናልባት ሶማሊኛም አታነብ ይሆናል፤ አይፍረዱባት። ፊደሉ በታወጀ በሁለተኛው ዓመት የሶማሊያ መንግሥት ተማሪዎቹን ገጠር አዝምቶ ሕዝቡን አስነበበ፤ ልክ እኛ በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት እንደዘመትነው፣ በዚያው ወራት። ስለዚህ አያቲቱ ታነብ ይሆናል። በስደት ያደገችው ልጇ ግን ትምህርት ቤቱ ፈርሶ የደረሰች ናት። ሴት አያት የምታነብበት፣ እናት የማታነብበት ቤት እኛ አገር ብርቅ ነው፤ በዚያ ግን ጦርነት የፈጠረው የተለመደ ነገር ነው።

እና ስብሰባ ይቅር። ቡና ያፍሉና መምህሩን እቤትዎ ይጥሩት። አባትየው ሲመጣ ያድርጉት፤ ሹፌር ነውና አማርኛ አያጣም። እሱ ከሌለ ሌላ ትልቅ ሰው ያስተርጉም፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከሶማሌ ክልል የመጡ ተማሪዎች አይጠፉም። ልጁን ራሱን ግን አስተርጓሚ እንዳያደርጉት። ልጅ ስለ ራሱ ውጤት ካስተረጎመ ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣል። ከቀልዱ ባሻገር፣ እናት በልጇ አፍ የራሷን አለማወቅ ስትሰማ ቤቱ ውስጥ ማን ወላጅ፣ ማን ልጅ እንደሆነ ይምታታል።

ቁርኣን ቤቱን አያስተውት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ግሽ ዓባይ ሰፈር በቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ግዕዙን ሳይገባኝ በዜማ ሸምድጄ ነው ማንበብ የለመድኩት። ይህ ልጅ ረጅም ነገር በቃሉ የመያዝ፣ ተቀምጦ የመታገሥ ልምድ ያገኘው ከዚያ ነው። ያን ጉልበት ይጠቀሙበት፤ ሀ ሁ ሂን በዜማ ያስይዙት፣ በሳምንት ውስጥ ያወርደዋል። ሌሊት 11 ሰዓት የሚያስነሱት ከሆነ ግን እንቅልፉን ይጠይቁ፤ ይኼ የሃይማኖት ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ደብተሩ አልነገረኝም። የት ነው የሚቀመጠው? ከማን ጋር? ከጅጅጋ ተዛውሬ ስመለስ ጣና ዳር ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ አስተምሬያለሁ። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ልጆች ይማሩ ነበር። እነሱ የአፍ መፍቻቸው አማርኛ ነው፤ ጠም ጨም አይቸግራቸውም። ሆኖም ከአምስተኛ ክፍል የሚያልፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የኋላው ወንበር ለብቻቸው ነበር፤ አጠገባቸው የሚቀመጥ አልነበረም። ምግባቸውን ተደብቀው ይበላሉ። ቋንቋ ሁሉንም ነገር እንደማያስረዳ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ስለዚህ ልጁን «ዛሬ አጠገብህ ማን ተቀመጠ?» ብለው ይጠይቁት። «ማንም አልተቀመጠም» ካለ፣ «ጠ»ን ትተው በዚህ ይጀምሩ። የኳስ ጓደኛው አንድ ክፍል ውስጥ ከሆነ መምህሩ አብረው እንዲያስቀምጣቸው መለመን ቀላሉ ነገር ነው።

ክፍል መድገሙን አይቀበሉ። እኔ አስደግሜ አይቻለሁ። የደገመው ልጅ ያንኑ ያልገባውን ነገር በዚያው ባልገባው ቋንቋ ሁለተኛ ይሰማል፤ የሚጨምረው ነገር ቢኖር ከጓደኞቹ መለየቱንና ቁመቱን ነው። ለመምህሩ ግን በቁጣ አይሂዱበት። የክፍሉን ተማሪ ብዛት እኔ አልቆጠርኩትም፣ እሱ ይቆጥረዋል። ቃል ጽሕፈቱን ያሳዩትና «ስድስቱ ስሕተቶች ምን ያመሳስላቸዋል?» ብለው ይጠይቁት። መምህር እንቆቅልሽ ይወዳል።

ጥያቄ

መምህርት፣ በኮረስፖንደንስ ሳይሆን በአካል ያስተማሩኝ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ስሜ ይቅር። አሁን ሚኒያፖሊስ በአንድ ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ሆኜ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ የሶማሊያ ስደተኞች ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ በንባብ ወደ ኋላ ቀርተዋል። አንዲት አዲስ የመጣች ልጅ አለች፤ 15 ዓመቷ ተብሎ ዘጠነኛ ክፍል ገባች፣ ግን ከዚህ በፊት ትምህርት ቤት የገባችው በድምሩ ሦስት ዓመት አይሞላም። ግማሹ ተማሪ የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 1 ነው! የእኛ የሐበሾቹ ልጆች እንዲህ አይደሉም። እነሱ ምን ሆነው ነው?

ከሚኒያፖሊስ

መልስ

ልጄ፣ «የእኛዎቹ» እና «እነሱ» የሚለውን መጀመሪያ እንነጋገርበት። ካንቺ በፊት አሜሪካ የገባው ሐበሻ ብዙው ተማሪ ነበር፣ ቢሮ ሠራተኛ ነበር፣ ዲቪ የደረሰው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ነበር፤ ዲቪው ራሱ ያንን፣ አለዚያም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቅ ነበር። የሶማሊያ መንግሥት በጥር 1983 ዓ.ም. ሲፈርስ ግን የተሰደደው የተማረውም ያልተማረውም፣ እረኛውም ሱቅ ጠባቂውም ነው። ኬንያ ዳዳብ መጠለያ ውስጥ ተወልዶ ያደገ አለ። በወንፊት የተነፋን እህል ከአውድማ ከመጣ ጋር አታወዳድሪ። ደግሞም በአሁኑ ጊዜ ይህን ማለት አያምርብንም፤ በገዛ ክልላችን ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ፣ ስንት ልጅ ሁለት ሦስት ዓመት ደብተር ሳይዝ እንዳደገ እናውቃለን። ነገ ከእነሱ አንዷ የሆነ አገር ክፍል ስትገባ «እነዚህ ምን ሆነው ነው?» የምትል ረዳት መምህርት እንዳትገጥማት እመኛለሁ።

ጃንዋሪ 1ን በሚመለከት፣ የልደት ቀን የማይመዘገብበት አገር ሰው ለስደት ፎርም ሲሞላ የሚሰጠው ቀን ነው። ያቺ ልጅ 15 ትሁን 13 ወይም 17 እናቷም በትክክል ላታውቅ ትችላለች፤ የምታውቀው በየትኛው ዝናብ እንደወለደቻት ነው። ክፍሏ የተወሰነው ግን በዚያ ቀን ነው። እናንተ ጋር ተማሪ የሚመደበው በዕድሜው ነው፤ ለእሷ ዘጠነኛ ክፍል ማለት ፊደል ሳትቆጥር ቅኔ ማኅሌት መግባት ነው። በስሟም ዙሪያ ተመሳሳይ ነገር አለ። ሶማሌ እንደእኛው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ነው የሚጠራው፤ የቤተሰብ ስም የለውም። እናትና ልጅ የተለያየ ስም ይዘው ሲመጡ ጽሕፈት ቤቱ ይደናገራል፤ ወንድማማቾች በሁለት ፋይል ይጠፋሉ። ሐሰን የሚባለውን ልጅ ደግሞ «ኤክስ»ን እንደ ዘ የሚያነብ ሰው «ዛሰን» ብሎ ሲጠራው፣ ልጁ በራሱ ስም አቤት ማለቱን ያቆማል። አንቺ ሐን በትክክል መጥራት ባትችዪ እንኳ ሀ በዪው። ከ«ዛ» ይሻላል።

ለሽምብጧ አከራይ የጻፍኩትን ከላይ አንብቢው፤ ስለ ወላጆችና ስለ ጨዋታ ቋንቋ ያልኩት ሁሉ ለአንቺም ይሆናል። እዚያ የሚጨመረው የኑሮው ሸክም ነው። እናት የሌሊት ፈረቃ ገብታ ልጆች በሚወጡበት ሰዓት ትመለሳለች፤ ትልቋ ልጅ ትንንሾቹን ታበላለች፣ ሐኪም ቤት ታስተረጉማለች፣ ደብዳቤ ታነባለች። የቤት ሥራዋን የምትሠራው መቼ ነው? የቆዳዋን ቀለም፣ ሻሿን፣ ሃይማኖቷን በአንድ ጊዜ ተሸክማ ስትገባ ደግሞ በር ላይ የሚጠብቃት ዓይን አለ። አንቺም በከፊል ታውቂዋለሽ።

አሁን ስለ 15 ዓመቷ ልጅ የምታደርጊው። ሕጉን ያዢ። በ1974 (በአውሮፓውያኑ) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳንፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ ላይ ሲወስን፣ ቋንቋውን ለማይችል ልጅ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት መምህር መስጠት እኩል ማስተማር አይደለም ብሏል። አንቺ ያለሽበት ሚኒሶታ ደግሞ በ2014 (ይህም በአውሮፓውያኑ) ባወጣችው ሕግ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸውን፣ ከእኩዮቻቸው ቢያንስ ሁለት ዓመት ያነሰ የተማሩትን ተማሪዎች ለይታ ስም ሰጥታቸዋለች። ልጅቷ በዚህ ስም ተመዝግባለች ወይስ የለችም? ነገ ጠዋት ጠይቂ። ሌላም አለ። በዚያ ግዛት አንድ ተማሪ 21 ዓመት እስኪሞላው በነጻ የመንግሥት ትምህርት ቤት መማር ይችላል። በአራት ዓመት ካልጨረስሽ አበቃ ብለው እንዳያስፈራሯት። ይህን እናቷም ትስማ፤ በወረቀት ሳይሆን በስልክ፣ በሶማሊኛ፣ በድምፅ መልእክት። ሶማሌ ለድምፅ ነው፤ ግጥሙንም ወሬውንም ሲወርድ ሲዋረድ በጆሮ ያቆየ ሕዝብ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሞክሪ። በሶማሊኛ የምታውቀውን ተረት በቃሏ ትንገርሽ፣ የሚችል ሰው በሶማሊኛ ይጻፍላት፣ ያንኑ ታንብብ። መጀመሪያ የምታነበው የራሷን ቃል ይሁን። ምን እንደሆነ ጻፊልኝ፤ የትኛውን ተረት እንደመረጠችም።

ለሽምብጧ አከራይ፦ ደብተሮቹ እኔ ጋር ናቸው። ቅዳሜ ከገበያ መልስ ብቅ ይበሉና ይውሰዷቸው። ከቁርኣን ቤት ሲወጣ ልጁን ይዘውት ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ሐመሩን ሐ እንዴት እንደሚጠራት ልሰማው እፈልጋለሁ።